አንጀት ውስጥ የታየው ጥቁር ብናኝ፦ የአንድ የድሬዳዋ ታካሚ ጉዳይ

የአክስቴ ልጅ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ሳቢያንና ገንደ ቆሬ ከተሠሩት አዳዲስ ቤቶች የስንቱን ወለል እንዳነጠፈ ራሱም አይቆጥረውም። ሕመሙ የጀመረው በ27 ዓመቱ ነው፤ አሁን 31 ሞልቶታል። ታሪኩን እንድጽፍ የፈቀደልኝ እሱ ነው። «ጻፈው፣ ስሜን ግን ተወው» አለኝ። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ወረቀቶቹን ግን ከመጀመሪያው የሰገራ ምርመራ ጀምሮ ሁሉንም አይቻቸዋለሁ።

የምጽፈው በሽታው፣ ማለትም ክሮንስ የሚባለውና የሰውነት መከላከያ አንጀትን የሚያቆስልበት ሕመም፣ ብርቅ ስለሆነ አይደለም። አንድ የምርመራ ወረቀት ላይ የሰፈረች አንዲት ዓረፍተ ነገር ቤቱን ስላመሰችው ነው። አንጀቱ ውስጥ ባዕድ ብናኝ ታየ። ብናኙ መኖሩ እውነት ነው። ብናኙ ነው ያሳመመው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ዘለለና ሆስፒታል ገባ።

አሜባ፣ ታይፎይድ፣ ቲቢ

መጀመሪያ የበሽታው ስም አሜባ ነበር። እኛ ዘንድ ሆድ ያመመው ሰው ሁሉ አሜባ አለበት። ተቅማጥ፣ ከእምብርት በታች በቀኝ በኩል ቁርጠት፣ ማታ ማታ ትኩሳት ብጤ። ሜትሮኒዳዞል ወሰደ፤ ሻል አለው፤ ተመለሰበት። ደግሞ ወሰደ። ቀጥሎ የዊዳል ምርመራው ፖዘቲቭ ሆነና የታይፎይድ መድኃኒት ታዘዘለት።

ስለ ዊዳል ሥራዬ ስለሆነ አንድ ነገር ልበል። ምርመራው የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት በባክቴሪያው ላይ የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ታይፎይድ በተለመደበት አገር የድሮ ኢንፌክሽንም፣ ሌላ ተቀራራቢ ባክቴሪያም ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። አንድ ጊዜ በተወሰደ ደም ብቻ «ታይፎይድ አለብህ» ማለት ድፍረት ነው። በየክሊኒኩ ግን በየቀኑ ይባላል።

እንዲህ እንዲያ እያለ አንድ ዓመት አለፈ። ኪሎው ከ64 ወደ 51 ወረደ። ጓደኞቹ «ጫቱ ነው አቦ፣ ቀንስ» አሉት። በርጫውን ተወ። ተቅማጡ ግን እሱን አልተወውም። ደሙ ሲታይ ሄሞግሎቢኑ 8.9 ነበር። በዚያ ዕድሜ ላለ ወንድ ይህ ትልቅ የደም ማነስ ነው። አልትራሳውንዱ ደግሞ የትንሹ አንጀት መጨረሻ፣ ከትልቁ አንጀት ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ግድግዳው መወፈሩን አሳየ።

ያየው ሐኪም የአንጀት ቲቢ ጠረጠረ። ጥሩ ጥርጣሬ ነበር። ቲቢ አንጀትን ሲይዝ በብዛት የሚቀመጠው እዚያው መገናኛ ላይ ነው። የልጁ ሥራም ጥርጣሬውን ያጠናክራል። ሴራሚክ በደረቁ ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለበት። ለዓመታት ሲሊካ የተነፈሰ ሰው ለቲቢ የበለጠ ይጋለጣል፤ ይህ በማዕድን ቆፋሪዎችና በድንጋይ ጠራቢዎች ላይ ከተረጋገጠ ቆይቷል። የቲቢ መድኃኒት ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ በላ፣ ትንሽ ሳቀ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ያው ሆነ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ክሮንስ የሚባለው የአንጀት በሽታና የአንጀት ቲቢ እንደ እኛ ባለ አገር ሐኪምን ከሚፈትኑ ነገሮች አንዱ ናቸው። ቦታቸው አንድ፣ ትኩሳቱ አንድ፣ ክብደት መቀነሱ አንድ። ሁለቱም አንጀት ላይ ቁስል ያወጣሉ። ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሁለቱም ግራኑሎማ፣ ማለትም የተጠራቀሙ የመከላከያ ሴሎች እጢ፣ ይሠራሉ። ልዩነቱ በዝርዝሩ ውስጥ ነው። የቲቢ ግራኑሎማ ትልልቅና እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፤ መሀሉ ብዙ ጊዜ የሞተ ሥጋ ይሆናል። የክሮንስ አነስ አነስ ያለ ነው፤ መሀሉ አይሞትም። የክሮንስ ቁስል አንጀቱን ተከትሎ በርዝመት ይሄዳል፤ በመሀል ጤነኛ ቦታ እየዘለለ ሌላ ቦታ ይወጣል። የቲቢው አብዛኛውን ጊዜ በአግድም ይዞራል። ከአንጀት ሥጋ ላይ የቲቢን ባክቴሪያ መፈለግ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶ እጅ ያስቀራል። አለመገኘቱ የለም ማለት አይደለም።

ስህተቱም በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይጎዳም። ክሮንስ ላለበት ሰው የቲቢ መድኃኒት ብትሰጠው ጊዜ ታባክንበታለህ። ቲቢ ላለበት ሰው የክሮንስ መድኃኒት ብትሰጠው ግን መከላከያውን ታወርድና ቲቢው በሰውነቱ ይሰራጫል። ስለዚህ ሐኪሞች ሲጠራጠሩ በቲቢ ይጀምራሉ። ቤተሰቡ «ለስድስት ወር በከንቱ መድኃኒት አጠጡት» ብሎ ሲያማርር እኔ ከሐኪሙ ጎን ነበርኩ። አሁንም ነኝ።

ዓረፍተ ነገሯ

ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) ለማድረግ አዲስ አበባ ሄደ። በካሜራው የታየው እየዘለለ የወጣ ቁስል ነበር፤ አንዱ ቦታ ቁስል፣ ቀጥሎ ጤነኛ፣ ደግሞ ቁስል። ናሙና ተወሰደ። ግራኑሎማዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ መሀላቸው አልሞተም። የቲቢ ምርመራዎቹ ኔጋቲቭ ሆኑ። ይህ ሁሉ ከቲቢው መድኃኒት አለመሥራት ጋር ተደምሮ ክሮንስ ተባለ። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ተጀመረለት፤ ከዚያ መከላከያውን የሚያወርድ አዛታዮፕሪን ተጨመረ። በወሩ መብላት ጀመረ። በሦስተኛው ወር ሄሞግሎቢኑ 11 አለፈ። የደሙን ክትትል የማደርገው እኔ ነበርኩ፤ አዛታዮፕሪን ነጭ የደም ሴልን ሊያወርድና ጉበትን ሊነካ ስለሚችል ደም በየጊዜው መታየት አለበት።

የፓቶሎጂ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ግን እንዲህ የሚል ነገር ነበር፦ በሊምፍ እጢዎቹ ሥር፣ ማክሮፋጆች ውስጥ፣ ቡናማና ጥቁር ቅንጣቶች ይታያሉ። ማክሮፋጅ ማለት ያገኘውን ባዕድ ነገር የሚውጥ የመከላከያ ሴል ነው። የአዲስ አበባው ሐኪም «ይህ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው» ብሎ አለፈው። ታናሽ ወንድሙ አላለፈውም። ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ወደ ቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ለቀቀው።

ከዚያማ ሁሉም ተመራማሪ ሆነ። አክስቴ አቧራው ነው አለች፤ «ስንት ዓመት ሙሉ እንደ ዱቄት ተነክሮ ሲመጣ አይቼዋለሁ» ብላ። ወንድሙ ፌስታሉን ከሰሰ። ድሬ ትኩስ ሻይ፣ ትኩስ ፉል፣ ምኑም ምኑም በፌስታል ይሸጣል። ሃይላንዱ ደግሞ በዚያ ፀሐይ መኪና ኋላ ሲቀቀል ውሎ ይጠጣል። አጎታችን የድሬን ውሃ አነሳ። ውሃችን ካልሲየም ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ «ማንቆርቆሪያውን እንዲህ ካደረገ አንጀቱን ምን ያድርገው?» አለ። ልጁ ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። ማታ ማታ ግን ስልኩን ይጎረጉር ነበር።

ያገኘው ቪዲዮ ክኒንን ነጭ የሚያደርገው ነገር ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ እንደሆነ ይናገራል። እውነት ነው፤ ብዙ ክኒኖች በሱ ነው የሚለበጡት። ነጭ የጥርስ ሳሙና ውስጥም አለ፣ ማስቲካና ካራሜላ ውስጥም ነበር። ቪዲዮው ቀጥሎ ይህ ብናኝ አንጀት ውስጥ ገብቶ ክሮንስን ያመጣል ይላል። ልጁ ከሚወስዳቸው ክኒኖች የአንዱን ወረቀት ዘርግቶ አነበበ። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ተጽፎበታል። በማግስቱ ክኒኖቹን ሁሉ ተወ። ለማንም አልነገረም።

ብናኙ ምንድን ነው?

ጥያቄው የቂል ጥያቄ አይደለም። ቪዲዮውም ከባዶ አልተነሳም።

በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ፣ በተለይ መጨረሻው አካባቢ፣ ፔየርስ ፓች የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ስብስቦች አሉ። ሥራቸው ከምንበላው ነገር ናሙና እየወሰዱ ወዳጅና ጠላትን መለየት ነው። ናሙናውን የሚያሳልፉ ልዩ ሴሎች ከባክቴሪያ ጋር ብናኝም ያሳልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ጆናታን ፓወልና ባልደረቦቹ እንግሊዝ አገር ይህን ጥቁር ቀለም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መረመሩት። ያገኙት ሦስት ዓይነት ነገር ነው። አንዱ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ ክብ ክብ፣ ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር። ሁለተኛው አሉሚኒየም ያለበት ሲሊኬት፣ ማለትም የሸክላ አፈር ዓይነት ነው። ሦስተኛው አሉሚኒየም የሌለበት ሌላ ሲሊኬት ነው፤ ምንጩ አፈርና አቧራ ነው። ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። አንድ ቀይ የደም ሴል ወደ 7,000 ናኖሜትር ስፋት አለው፤ እነዚህ ብናኞች ምን ያህል ደቃቅ እንደሆኑ ከዚያ መገመት ይቻላል።

የዚያው ቡድን ግምት አንድ የምዕራብ አገር ሰው በቀን ከአንድ ትሪሊዮን በላይ እንዲህ ያለ ብናኝ ይበላል የሚል ነው። የጨውና የወተት ዱቄት እንዳይጓጉል የሚጨመሩ ሲሊኬቶችም አሉበት። የኛን አገር ሰው ቁጥር በተመለከተ ዝም ማለት ይሻላል። ወፍጮ ቤት፣ አፈር መንገድና የጫት ቅጠል ላይ ያረፈ አቧራ ባለበት ከተማ ግን አንጀታችን ከአፈር ጋር እንግዳ አይደለም።

ዋናው ነገር ይህ ቀለም ጤነኛ ሰው ላይም መገኘቱ ነው። ሕፃናት ላይ አይታይም፤ በዕድሜ ይጠራቀማል። የኔን አንጀት ብትቆርጡት ሳይኖር አይቀርም። አክስቴ ይህን ስነግራት አላመነችም። አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት አሳየኋት። ጥቀርሻው በልጅነቷ ገባ፤ ማክሮፋጆች ዋጡት፤ እስከ ዛሬ እዚያው ተሸክመውት አሉ። አንገቷ አልታመመም። የልጇም አንጀት ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር በተመሳሳይ መንገድ የተያዘ ነው። «እሺ፣ እሱስ ለምን ታመመ ታዲያ?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው።

የተሞከረ ነገር

ፓወልና ጓደኞቹም የጠየቁት ያንኑ ነው። መላምታቸው ቀላል አይደለም። ብናኙ ለብቻው ላይጎዳ ይችላል። ነገር ግን ላዩ ላይ የባክቴሪያ ቁርጥራጭ ተለጥፎበት ሲገባ፣ ማክሮፋጁ ብናኙን ሳይሆን ባክቴሪያውን አይቶ ይቆጣ ይሆናል። በላቦራቶሪ ሴሎች ላይ ይህ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተገኘው የመጀመሪያው የክሮንስ ዘረመል፣ ኖድ 2 የሚባለው፣ ሥራው የባክቴሪያን ግድግዳ ቁርጥራጭ መለየት መሆኑም ሐሳቡን የሚስብ አደረገው።

ስለዚህ ሰው ላይ ሞከሩት። በ2001 የታተመው የመጀመሪያ ሙከራ 20 የክሮንስ ታካሚዎችን ይዞ ነበር። ግማሾቹ ብናኝ የተቀነሰበት ምግብ ለአራት ወር በሉ። ውጤቱ ያስደነግጣል፤ ብናኝ ከቀነሱት ሰባቱ በሽታቸው ረገበ፣ ካልቀነሱት ግን አንድም አልረገበለትም። ቪዲዮው የጠቀሰው ይህን ነው።

ያልጠቀሰው ቀጣዩን ነው። ያው ቡድን ራሱ በብዙ ሆስፒታሎች፣ በ83 ታካሚዎች ላይ፣ ለ16 ሳምንት ደገመው። ሁሉም መጀመሪያ ላይ ፕሬድኒሶሎን ወሰዱ። ውጤቱ በ2005 ወጣ፦ ብናኝ መቀነስ ምንም ጥቅም አላሳየም። ካልሲየም መቀነስም እዚያው ሙከራ ውስጥ ተፈትኖ ነበር፤ እሱም አልጠቀመም። አጎታችን ይህን ቢሰማ ጥሩ ነበር። እኔ ለነዚህ ተመራማሪዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ። የራሳቸውን ቆንጆ ውጤት በትልቅ ሙከራ ፈትነው፣ ሲወድቅ አሳተሙት። እንዲህ የሚያደርግ ብዙ የለም።

ልጁ እንግዲህ ሳያውቀው ያንን ሙከራ በራሱ ላይ ደገመ ማለት ነው። ልዩነቱ እነዚያ በሐኪም ክትትል ሥር ነበሩ፤ ፕሬድኒሶሎናቸውም ቀስ በቀስ ነው የተቀነሰው። እሱ ሁሉንም በአንዴ ተወ።

ለተወሰነ ጊዜ ደህና ነበር። ይህ ነው አደገኛው። አዛታዮፕሪን ቀስ ብሎ የሚሠራ፣ ሲቋረጥም ቀስ ብሎ የሚለቅ መድኃኒት ነው። ጥርሱን በጨው ይፋቃል፣ ሻይ በብርጭቆ ብቻ ይጠጣል፣ ፌስታል ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ ጤነኛ ነኝ ብሎ ያምናል። የደም ቀጠሮው ሲያልፍ ደውዬለት ነበር፤ «ሥራ በዛብኝ፣ እመጣለሁ» ይለኛል። ከወራት በኋላ አንድ ሌሊት በቁርጠትና በማያቋርጥ ትውከት ድንገተኛ ክፍል ገባ። የአንጀቱ መጨረሻ ከእብጠቱ የተነሳ ጠቦ ምግብ አላሳልፍ ብሏል። በግሉኮስና በደም ሥር በሚሰጥ ስቴሮይድ ተከፈተለት። ሁሉንም የተናዘዘው የዚያን ጊዜ ነው።

ፕላስቲኩስ?

ወንድሙ ከፕላስቲኩ ንቅንቅ አላለም። አልፈረድኩበትም። እ.ኤ.አ. በ2022 ቻይና ናንጂንግ ውስጥ 52 የአንጀት ብግነት (ክሮንስና መሰሎቹ) ያለባቸው ታካሚዎችና 50 ጤነኛ ሰዎች ሰገራቸው ተመረመረ። ታካሚዎቹ ጋ በአንድ ግራም ደረቅ ሰገራ በአማካይ ወደ 42 የማይክሮ ፕላስቲክ ቅንጣት ተገኘ፤ ጤነኞቹ ጋ 28። በብዛት የተገኘው የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፒኢቲ ነው። የታሸገ ውሃና በፕላስቲክ የተቋጠረ ምግብ የሚያዘወትሩት፣ እንዲሁም አቧራ ውስጥ የሚውሉት የበለጠ ነበራቸው። የወንድሙም የእናቱም ክስ አንድ ላይ ተገኘ ማለት ነው።

ግን ከየትኛው ወደ የትኛው? ሆዱን የሚያመው ሰው ከማንም ቀድሞ የታሸገ ውሃ ይጀምራል። ልጁም ያደረገው ያንን ነው፤ አሜባ የተባለ ዕለት ከቧንቧ ወደ ሃይላንድ ዞረ። የተጎዳ አንጀት ቅንጣትን በተለየ ፍጥነት ሊያስወጣም ይችላል። ሰገራ ውስጥ ያለው ደግሞ የወጣው ነው እንጂ ሥጋ ውስጥ የቀረው አይደለም። ሰገራን ዕለት ዕለት እንደሚመረምር ሰው ሌላም ነገር እጨምራለሁ። ላቦራቶሪ ራሱ ፕላስቲክ ነው። ናሙና መያዣው፣ ፒፔቱ፣ ጓንቱ፣ ጋወኑ። የሰው ደምና ሥጋ ውስጥ ፕላስቲክ ቆጠርን የሚሉ ጥናቶች ላይ ባለሙያዎች የሚከራከሩት በዚህ ነው፤ ከሰውየው የመጣውን ከክፍሉ ከመጣው መለየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ትኩስ ነገር በፌስታል አለመጠጣት ጥሩ ነው፤ እኔም ትቼዋለሁ። ለመተው የክሮንስ ማስረጃ አያስፈልገኝም። ፌስታሉ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ የሚያደርገውን ማየት ይበቃል።

ስለ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድም ነገሩ ገና አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2017 የዙሪክ ተመራማሪዎች የአንጀት ብግነት በተቀሰቀሰባቸው አይጦች ላይ ሲሰጡት ብግነቱ ባሰ። ፈረንሳይ ከ2020 ጀምሮ ከምግብ ውስጥ አስወጣችው፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ተከተለ። ምክንያታቸው ግን ክሮንስ አልነበረም። ዘረመልን አይጎዳም ብለን እርግጠኛ መሆን አንችልም በሚል ነው። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብ ድርጅት የጋራ ኮሚቴ በ2023 መርምሮ የተለየ ገደብ አያስፈልገውም አለ። አውሮፓ ራሷ ለመድኃኒት መለበጫ እስካሁን ትፈቅደዋለች። በአንድ ክኒን ላይ ያለው ልባጥ ከአንድ የተቃጠለ አንጀት ጋር ሲመዘን የትኛው እንደሚከብድ ልጁ በራሱ አይቶታል።

ብናኝ በእርግጥ ሲያሳምም

ብናኝ በሽታ አያመጣም እያልኩ አይደለም። ማስረጃው እዚሁ አገራችን አለ። በደጋማው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው በሚሠሩ ገበሬዎች ዘንድ የሚታየውን የእግር እብጠት፣ ዝሆኔ የምንለውን አስቡ። በትንኝ በሚተላለፍ ትል የሚመጣ ዓይነት አለ፤ ይህኛው ግን የአፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ የታማሚዎቹን የሊምፍ እጢ ሲመረምር ከእሳተ ገሞራ አፈር የመጡ የሲሊኬት ብናኞች አገኘ። በእግር ቆዳ ገብተው፣ ሊምፉን ዘግተው፣ እግሩን ያሳብጣሉ። አንድ መንደር ውስጥ ሁሉም በባዶ እግሩ ይሄዳል፤ የሚታመመው ግን ጥቂቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከወላይታ ታካሚዎች ተነስቶ የመከላከያ ዘረመሎች ልዩነት እንዳለበት አሳየ። ብናኝም ተጋላጭነትም አንድ ላይ ሲገናኙ ማለት ነው።

ከክሮንስ ጋር የሚለያዩት የት ላይ ነው? ዝሆኔ ላይ ብናኙን ስትከለክለው በሽታው ይቀራል። ጫማና የእግር ንጽሕና ይከላከሉታል፤ የጀመረውንም ያሻሽሉታል። ክሮንስ ላይ ብናኙ ተቀንሶ ታይቷል፤ ለውጥ አላመጣም። ምናልባት የተቀነሰው አልበቃ ይሆናል፣ ምናልባት በሽታው አንዴ ከተነሳ ብናኙ መኖሩም አለመኖሩም ለውጥ የለውም። ለሕክምና ግን በእጃችን ያለው መልስ ይኸው ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ያው ፓወል እ.ኤ.አ. በ2015 ባልደረቦቹን ይዞ ሌላ ነገር አሳተመ። አንጀታችን ራሱ ከካልሲየም፣ ከማግኒዚየምና ከፎስፌት ናኖ ብናኝ ይሠራል። ብናኙ የምግብና የባክቴሪያ ቁርጥራጭ ይዞ ወደ ፔየርስ ፓች ይገባል፤ የመከላከያ ሴሎቹንም «ይህ ችግር የለውም» ብሎ የሚያስተምር ይመስላል። ክሮንስ ባለባቸው ሰዎች ያ የማረጋጋት ምልክት ጎድሎ ተገኝቷል። ሃያ ዓመት ሙሉ ባዕዱን ብናኝ ሲያሳድድ የኖረ ሰው የራሳችንን ብናኝ አገኘ። ችግሩ የብናኙ መግባት ሳይሆን የተቀባዩ አቀባበል ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ እኔን የበለጠ የሚያሳምነኝ ለዚህ ነው።

አቧራው

የእናቱ ክስ በአንድ በኩል ትክክል ነው። የተነፈስነው አቧራ ሁሉ ሳንባ ውስጥ አይቀርም። ብዙው በአክታ ወደ ጉሮሮ ይመለስና ሳናውቀው እንውጠዋለን። ስለዚህ የሴራሚኩ ብናኝ አንጀቱ ደርሷል ማለት ይቻላል። ነገር ግን አቧራውን የምንፈራው ለአንጀቱ ብለን ሳይሆን ለሳንባው ነው። ሲሊኮሲስ የሚባለው የሳንባ ጠባሳ አንዴ ከመጣ አይመለስም። ሲሊካ ቲቢን ይጋብዛል ብለናል፤ የክሮንስ መድኃኒቶችም ቲቢን ይጋብዛሉ። ይህ ልጅ ሁለቱንም አንድ ላይ ተሸክሟል። ቤተሰቡ ስለ ጥርስ ሳሙና ሲከራከር ዋናው አደጋ በግራይንደሩ ጫፍ ላይ ነበር።

ይህን ካስረዳሁት በኋላ ነው ነገሩ የገባው። ውሃ እያፈሰሰ የሚቆርጥ ማሽን ተከራየ፤ በኋላ ከአንድ ጓደኛው ጋር በጋራ ገዛ። በአፉ ላይ ሻሽ ማሰር ትቶ አቧራ የሚያጣራ ማስክ ያደርጋል። ድሬ በሚያዝያ ሙቀት ማስክ አድርጎ መሥራት ቀላል አይደለም። «ዋላሂ ያፍነኛል» ይላል፤ ያደርገዋል ግን። የደረት ራጁ እስካሁን ንጹሕ ነው።

መድኃኒቱን እንደገና ጀምሯል። ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው አንድ አይሆንም። አንዳንዴ ከአዲስ አበባ በሰው ይላካል። ክብደቱ ወደ 60 ተመልሷል። በርጫውን አልፎ አልፎ ይቀመጣል፤ ሐኪሙ አልወደደለትም፣ የምግብ ፍላጎቱን ስለሚዘጋበት። ማስቲካ የሚሰጠው ሰው ሲኖር ግን እስካሁን እጁን ይሰበስባል።

የቀረው የጠበበው ቦታ ነው። አዲስ አበባ ኤምአርአይ ታዞለት ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። ጠባሳ ከሆነ መድኃኒት አይከፍተውም፤ ያቺ ክፍል ተቆርጣ ትወጣለች። እብጠት ከሆነ ደግሞ ጠንከር ያለ መድኃኒት ይጀመርለታል፤ ያንን ከመጀመሩ በፊት ለቲቢ እንደገና ይመረመራል።